በአንድ አፍ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሙሊት፦ በድድ ጠርዝ የተጎዱ ጥርሶች የጉዳይ ጥናት

የታካሚው ታሪክ

ታካሚው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ የሚገኙ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ኑሯቸው ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ወደብ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እኔ ወደምሠራበት የአዳማ ክሊኒክ የመጡት ጥርስ ለማስሞላት ሳይሆን ለማስነቀል ነበር። በታችኛው መንጋጋቸው በስተቀኝ ያሉት ጥርሶች ከድድ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ተቦርቡረዋል። በተለያዩ ከተሞች ደጋግመው አስሞልተዋቸዋል፤ ሙሊቱ ግን ብዙ ሳይቆይ ይወድቃል። «ዶክተር፣ ገንዘቤን ጨርሻለሁ፤ ነቅለው ይገላግሉኝ» አሉኝ።

ጉዳዩን በዝርዝር ለመጻፍ የፈለግሁት በእኚህ ሰው አፍ ውስጥ ከውጭ ሲታዩ የሚመሳሰሉ፣ በመነሻቸው ግን የማይገናኙ ሁለት ዓይነት ጉዳቶች ጎን ለጎን ስለነበሩ ነው። ሁለቱም ያሉት በጥርስ አንገት ላይ ነው። ሁለቱም የጥርስ ቀለም ባለው ነገር ይሞላሉ። ለአንዱ የሚበጀው ሙሊት ግን ለሌላው አልበጀም፤ ከዚህ ቀደም የተሞሉት ጥርሶች ታሪክም የሚናገረው ይህንኑ ነበር።

ታካሚው የተወለዱትና ያደጉት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በልጅነታቸው የጉድጓድ ውሃ ጠጥተዋል፤ ጥርሶቻቸውም በአካባቢው ብዙ ሰው ላይ እንደሚታየው ቡናማ ነጠብጣብና ጭረት አለባቸው። ለረጅም ጉዞ ጫት ይቅማሉ፤ ቅጠሉን የሚይዙት በቀኝ ጉንጫቸው ነው። ከጫቱ ጋር ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ በየጥቂት ደቂቃው ይጎነጫሉ። ለደም ግፊት በየቀኑ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ይወስዳሉ፤ አፋቸው ይደርቃል። በየማለዳው በወይራ መፋቂያ ጥርሳቸውን በብርቱ ይፍቃሉ። የጥርስ ሳሙና ግን አይነኩም ነበር። ምክንያታቸውን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ምርመራው ያሳየው

በላይኛው መንጋጋ በስተግራ፣ ክራንቻቸውና ከክራንቻው ቀጥሎ ያሉት ሁለት ትንንሽ መንጋጋዎች አንገታቸው ላይ በመጥረቢያ የተከተፈ ግንድ የመሰለ ሹል ጉድጓድ ነበራቸው። የጉድጓዱ ወለል ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ነው፤ በሹል መመርመሪያ ሲነካ አይበሳም። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ግን በኃይል ይጠዘጥዛቸዋል። ይህ በአሲድ የተበላ ጥርስ አይደለም፤ እየተፋቀ ያለቀ ጥርስ ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ኃይሉ የሚያርፈው በአብዛኛው በግራ በኩል ባሉ ጥርሶች ላይ በመሆኑ፣ ከጠንካራው አግድም ፍቀት ጋር ነገሩ ይገጥማል። ጥርስ ሲነከስ አንገቱ ላይ የሚፈጠረው መጠማዘዝም ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት አስተዋጽኦ ያደርጋል የሚሉ አሉ። ይህ ሐሳብ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲቀርብ የቆየ ቢሆንም አሁንም ያከራክራል። እኔ የንክሻቸውን ሁኔታ አይቼ ከልክ ያለፈ ግጭት ስላላገኘሁ ዋናውን ጥፋት በፍቀቱ ላይ አድርጌያለሁ።

በታችኛው ቀኝ በኩል ያለው መልኩ ሌላ ነው። ድዱ ሸሽቶ የጥርሱ ሥር ተጋልጧል። በሁለቱ ትንንሽ መንጋጋዎችና በመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ላይ፣ በጉንጭ በኩል፣ ቢጫማ ቡናማ የሆነ ለስላሳ መቦርቦር አለ። አንደኛው ጥርስ ላይ የቀድሞው ሙሊት ቁራጭ ተጣብቆ ቀርቷል፤ በጠርዙ ዙሪያ ጥቁር መስመር ይታያል፤ ከሥሩም አዲስ መበላት ተጀምሯል። ድዱ ቀይና ያበጠ ሲሆን ገና ሲነካ ይደማል። በትልቁ መንጋጋ ላይ የጉድጓዱ የታችኛው ጠርዝ ከድድ በታች ገብቷል።

ጫት የሚያዝበት ጉንጭ፣ የደረቀ አፍና ስኳር አንድ ላይ ሲገጥሙ የጥርስ ሥር ቶሎ እንደሚሸነፍ ማወቅ ይጠቅማል። የጥርሱን አናት የሚሸፍነው ኢናሜል መሟሟት የሚጀምረው የአፍ ፒ.ኤች. (የአሲድ መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ወደ 5.5 ገደማ ሲወርድ ነው። በሥሩ ላይ ያለው ዴንቲን (ከኢናሜል የሚለሰልሰው የጥርሱ ውስጠኛ አካል) ግን ኢናሜል ስለሌለው ገና ከ6 በላይ ባለ ፒ.ኤች. ይጎዳል። ስለዚህ ለአናቱ ብዙም የማያስፈራ ጣፋጭ መጠጥ ለሥሩ በቂ ጠላት ነው። ምራቅ ደግሞ ይህን አሲድ የሚያለዝብ የመጀመሪያው መከላከያ ሲሆን፣ በእኚህ ሰው አፍ ውስጥ የጎደለው እርሱ ነበር።

በቅዝቃዜ ስንፈትናቸው ሕመሙ ማነቃቂያው ሲነሣ ወዲያው ይጠፋል። ራጁም መቦርቦሩ ነርቭ ጋር እንዳልደረሰ አሳየ። ስለዚህ ለመነቀል የሚያበቃ ምክንያት አላገኘሁም። ይህን ስነግራቸው ደስ አላላቸውም፤ ሌላ ሙሊት፣ ሌላ ወጪ፣ ሌላ ውድቀት መስሎ ታይቷቸዋል። ስጋታቸው ተገቢ ነበር። አስቀድሞ የተሞላው የወደቀበት ምክንያት ካልታወቀ እኔም የምሞላው ከመውደቅ አይድንም።

ከሙሊት በፊት

በመጀመሪያው ቀን ምንም ጥርስ በቋሚነት አልሞላሁም። የሚደማ ድድ አጠገብ የሚለጠፍ ማንኛውም ማጣበቂያ ይወድቃል፤ ደምም ሆነ ከድድ ኪስ የሚወጣው ፈሳሽ የጥርሱን ገጽ ያበላሸዋል። ስለዚህ ጥርሳቸው ላይ የተጋገረውን ድንጋይ አጸዳን፣ የድሮውን ሙሊት ቅሪት አነሣን፣ ለስላሳውን የተበላ ክፍል በከፊል አውጥተን በጊዜያዊ ሙሊት ዘጋነው። ድዱ እስኪረጋ ድረስ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከዚያ ስለ ጥርስ ሳሙና ተነጋገርን። ታካሚው ፍሎራይድ ያለበትን ሳሙና የሚሸሹት «ጥርሴን ያበላሸው ፍሎራይድ ነው፤ እንዴት ደግሜ ወደ አፌ አስገባዋለሁ?» በሚል ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጥርስ ሐኪም ሆኖ የሠራ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል፤ በአክብሮት መመለስም ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ሲሆን፣ በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በላይ ይይዛሉ። ጥርስን የሚያዥጎረጉረው ግን ጥርሱ በመንጋጋ ውስጥ ገና በሚሠራበት የልጅነት ዘመን የተዋጠ ፍሎራይድ ነው። ጥርሱ ከበቀለና ኢናሜሉ ከተጠናቀቀ በኋላ ከውጭ የሚቀባ ፍሎራይድ ቡናማ ነጠብጣብ አይፈጥርም፤ በአሲድ የተሟሟውን ማዕድን መልሶ ያጠናክራል እንጂ። ይህን በወረቀት ላይ ጥርስ ሥዬ አስረዳኋቸው። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ማጽዳትና ከተፉ በኋላ በብዙ ውሃ አለመጉመጥመጥ የመጀመሪያው ስምምነታችን ሆነ። በተጋለጡት ሥሮች ላይም የፍሎራይድ ቫርኒሽ ቀባን።

መፋቂያውን እንዲተዉት አልጠየቅኋቸውም። ወይራና ክትክታ ለብዙ ትውልድ ጥርስ ያጸዱ እንጨቶች ናቸው፤ ጉዳቱ ያለው በአፈቃቀዱ ነው። ጫፉ በደንብ ታኝኮ እንደ ብሩሽ እስኪለሰልስ ድረስ እንዲጠብቁ፣ ወደ ጎን ከመፈቅፈቅ ይልቅ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ እንዲጠርጉ አሳየኋቸው። ስለ ጫቱ ደግሞ ትልቁን ጥቅም በአጭር ጊዜ የሚሰጠውን መረጥን፦ ስኳሩንና ለስላሳውን በውሃ መተካት።

የጥርስ ቀለም ያላቸው አማራጮች

በ1908 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ጂ. ቪ. ብላክ መቦርቦሮችን በቦታቸው ሲመድብ በድድ አጠገብ የሚገኙትን አምስተኛ ክፍል ብሎ ጠርቷቸዋል፤ ስሙ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ለብዙ ዘመን እነዚህን ጉድጓዶች የሞላው አማልጋም የተባለው ብርማ የብረት ሙሊት ነው። አማልጋም ጥርስን የሚይዘው በተቆፈረለት ቅርጽ እንጂ በመጣበቅ አይደለም፤ እንዲይዝ ለማድረግ ጤነኛ ጥርስ መቁረጥ ያስፈልጋል። ሜርኩሪ ያለበት በመሆኑም ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት አጠቃቀሙ እንዲቀነስ ይጠይቃል። ለሳሳ የጥርስ አንገት ለማንኛውም የሚመረጥ አልነበረም።

ዛሬ «ነጭ ሙሊት» የሚባለው ግን አንድ ነገር አይደለም። ታካሚዎች ይህን ባያውቁ አይፈረድባቸውም፤ በክሊኒኮች ግድግዳ ላይ ያለው የዋጋ ዝርዝር ራሱ ብዙ ጊዜ አንድ ስም ብቻ ይጽፋል።

የመጀመሪያው ኮምፖዚት ነው። ሬዚን (ፕላስቲክ መሰል ሙጫ) እና ደቃቅ የመስታወት ወይም የሲሊካ ቅንጣቶች ያሉበት ሲሆን በሰማያዊ ብርሃን ይጠነክራል። መነሻው በ1955 እ.ኤ.አ. ማይክል ቦኖኮር ኢናሜልን በአሲድ አሻክሮ ማጣበቅ እንደሚቻል ማሳየቱና፣ ራፋኤል ቦወን በ1962 እ.ኤ.አ. ቢስ-ጂ.ኤም.ኤ. የተባለውን ሬዚን ማውጣቱ ነው። ውበቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ይለሰልሳል፤ ቀለሙ ከጥርስ ጋር ይዋሃዳል። ሁለት ድክመቶች አሉት። ሲጠነክር በመጠኑ ከ2 እስከ 3 በመቶ ገደማ ይኮማተራል፤ ከጥርሱ ጠርዝ ላይ ራሱን የመሳብ ዝንባሌ አለው። ሁለተኛው፣ እርጥበትን ፈጽሞ አይታገሥም። በኢናሜል ላይ የሚይዘው ማያያዣ እጅግ ጠንካራ ሲሆን በሥሩ ዴንቲን ላይ ያለው ግን ደካማና በጊዜ ብዛት የሚዳከም ነው። ፈሳሽ ኮምፖዚት የሚባለው ዓይነት ቅንጣቱ ስለሚቀንስ በቀላሉ ወደ ጉድጓዱ ይፈስሳል፤ በዚያው መጠን ግን የበለጠ ይኮማተራል።

ሁለተኛው ግላስ አዮኖመር ነው። አላን ዊልሰንና ብራያን ኬንት በለንደን ሠርተው በ1972 እ.ኤ.አ. ለጥርስ ሐኪሞች ያስተዋወቁት ነው። ፍሎራይድ ያለበት የመስታወት ዱቄት ከፖሊአክሪሊክ አሲድ ጋር ሲደባለቅ ይጠነክራል። ለእኔ ትልቁ ሀብቱ ያለ ማጣበቂያ ከጥርሱ ካልሲየም ጋር በኬሚካል መያያዙ ነው፤ በሥሩ ዴንቲን ላይም ይይዛል። በሙቀትና በቅዝቃዜ የሚሰፋውና የሚጠበው ከጥርሱ ጋር ተቀራራቢ በሆነ መጠን ነው። ፍሎራይድ ይለቅቃል፤ ከጥርስ ሳሙናም መልሶ ይቀበላል። ብርሃን አይፈልግም። በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በታንዛኒያ የተጀመረውና ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ መሣሪያ ብቻ ጥርስ የሚሞላበት ዘዴ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካቶታል። በምላሹ ደብዘዝ ያለና የማያስተላልፍ መልክ አለው፣ ገጹ ይሻክራል፣ ይሰበራል፣ ከተሞላ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታትም ውሃም ድርቀትም ይጎዳዋል።

ሦስተኛው በሬዚን የተሻሻለ ግላስ አዮኖመር ነው። በሁለቱ መካከል የቆመ ነው፦ የግላስ አዮኖመሩ ኬሚካላዊ ትስስር ሳይለቅ፣ በተጨመረው ሬዚን ምክንያት በብርሃን ወዲያው ይጠነክራል፣ የተሻለ ቀለምና ጥንካሬም ያገኛል። ውሃ ስለሚመጥጥ ግን ቀለሙ በዓመታት ውስጥ ይለወጣል። ኮምፖመር የሚባልም አለ፤ በባሕርዩ ወደ ኮምፖዚት የሚያደላና ማጣበቂያ የሚፈልግ በመሆኑ ለዚህ ታካሚ የሚጨምረው ነገር አላየሁም።

በጥርስ አንገት ላይ በተደረጉ የረጅም ጊዜ ክሊኒካዊ ጥናቶች ሳይወድቅ በመቆየት ረገድ ግላስ አዮኖመርና በሬዚን የተሻሻለው ዘመዱ ከፊት ሲሰለፉ፣ በመልክና በልስላሴ ኮምፖዚት ይቀድማል። ለእኚህ ሰው የቀረበው ጥያቄም የትኛው ጥርስ የትኛውን ጉድለት ይታገሣል የሚል ነበር።

የላይኛው ግራ፦ ኮምፖዚት

የላይኛው ሦስቱ ጥርሶች ሲስቁ ይታያሉ፤ መበላትም የለባቸውም፤ የጉድጓዱ የላይኛው ጠርዝ ደግሞ ወደ ድድ ሲሆን የታችኛው ጠርዝ በኢናሜል ውስጥ ነው። ኮምፖዚት ተመረጠ።

ቀለሙን የመረጥነው ከምንም ነገር በፊት፣ ጥርሱ ገና በምራቅ እርጥብ ሳለ ነው። የደረቀ ጥርስ ነጣ ብሎ ስለሚታይ፣ ደርቆ የተመረጠ ቀለም በማግስቱ ሙሊቱን አጋልጦ ያሳያል። ዥጉርጉር ጥርስ ላይ የቀለም መለኪያው ብቻውን አይበቃም። ከሁለት ቀለሞች ጥቂት ቁራጭ ማጣበቂያ ባልተቀባ ጥርስ ላይ አጠንክሬ፣ በመስኮት ብርሃን መስተዋት ይዘው ራሳቸው እንዲመርጡ አደረግሁ። ታካሚው የመረጡት ጠቆር ያለውን ነው፤ ልክ ነበሩ። አጠገቡ ያለው ጥርስ ቡናማ ሆኖ ሳለ መካከል ላይ የሚያበራ ነጭ ቁራጭ ሙሊት ከጉድጓዱ የባሰ ያስታውቃል።

ጠንክሮ የሚያብረቀርቀው ዴንቲን ማጣበቂያ አይቀበልም፤ ቀዳዳዎቹ በማዕድን ተዘግተዋል። ስለዚህ ገጹን በመሞረጃ ቀለል አድርጌ አሻከርሁ። ፍሎራይድ በብዛት የጠጣ ኢናሜልም አሲድን ይቋቋማል። የኢናሜሉን ጠርዝ እንዲሁ አሻክሬ፣ ፎስፎሪክ አሲዱን በኢናሜሉ ላይ ብቻ ከተለመደው ጊዜ አስረዝሜ አቆየሁት። ዴንቲኑን ራሱ አሲድነት ላለው ማጣበቂያ ተውኩለት፤ ማጣበቂያውን በጥቃቅን ብሩሽ እያሸሁ አስገባሁ፣ በአየር አሳሳሁት፣ ከዚያ በብርሃን አጠነከርሁት። ኮምፖዚቱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በስስ ድርብርብ ሞላሁ፤ እያንዳንዱ ንብርብር ለብቻው ሲጠነክር መኮማተሩ ጠርዙን የሚስበው ባነሰ ኃይል ነው።

ክራንቻውና የመጀመሪያው ትንሽ መንጋጋ ምራቅ እንዳይደርስባቸው በላስቲክ መሸፈኛ ተለይተው ተሠሩ። ሁለተኛው ትንሽ መንጋጋ ላይ ግን የጉድጓዱ ጠርዝ ድዱ ጋር እኩል ስለነበር የላስቲኩ መያዣ እየተንሸራተተ እምቢ አለ። በዚያ ጥርስ ላይ ድዱን ገፍቶ በሚይዝ ክርና በጥጥ ብቻ ተሠራ። ይህ ልዩነት በኋላ ዋጋ አስከፍሏል።

የታችኛው ቀኝ፦ ሁለት ዓይነት ግላስ አዮኖመር

ድዱ ከተረጋጋ በኋላ ታካሚው ሲመለሱ ደሙ ቆሟል። ለስላሳውን ክፍል በማንኪያ መሰል የእጅ መሣሪያ አወጣሁ። ጠርዙ ዙሪያ እስኪጠነክር ጸዳ፤ ወደ ነርቩ በተጠጋው ወለል ላይ ግን እንደ ቆዳ ጠንከር ያለውን ዴንቲን ሆን ብዬ ተውኩት። ዙሪያው በደንብ ከታሸገ ከሥሩ የቀረው ባክቴሪያ ምግብ አጥቶ ይዳከማል፤ ነርቭ ከመክፈት ይህ እጅግ ይሻላል።

ሁለቱ ትንንሽ መንጋጋዎች በሬዚን በተሻሻለው ግላስ አዮኖመር ተሞሉ። ገጹ በፖሊአክሪሊክ አሲድ ለአጭር ጊዜ ታጥቦ በውሃ ተለቀለቀ፤ ከዚያ እርጥበቱ እንደ ጤዛ እስኪያንጸባርቅ ብቻ ተመጠጠ። ጥርሱን በአየር አድርቆ ማንጣት የኮምፖዚት ዘመን ልማድ ነው፤ ግላስ አዮኖመር ግን ለመያያዝ ውሃ ይፈልጋል።

በትልቁ መንጋጋ ላይ ጠርዙ ከድድ በታች ስለነበር ብርሃኑ በሚገባ መድረሱን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በሬዚን የተሻሻለው ጥቂት እርጥበት ቢታገሥም ለሙሉ ጥንካሬው ብርሃኑን ይፈልጋል። እዚህ ላይ በራሱ የሚጠነክረው ወፍራም ግላስ አዮኖመር ተመረጠ። ጥርሱ ኋላ ስላለ ደብዛዛነቱ አይታይም።

አቀላቀሉ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ግላስ አዮኖመር የሚበላሸው አፍ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው በፋብሪካ የተመጠነውን ካፕሱል ሳይሆን በእጅ የሚደባለቀውን ዱቄትና ፈሳሽ ነው። ለመሥራት እንዲቀልል ፈሳሽ ሲበዛበት ሙሊቱ ይደክማል፣ ቶሎ ይሟሟል። ዱቄቱ በማንኪያው ጠርዝ ተስተካክሎ መለካት፣ የፈሳሹ ጠርሙስ አየር ሳይገባበት ቀጥ ብሎ ተዘቅዝቆ ሙሉ ጠብታ መውጣት አለበት። የአዳማ ሙቀትም የራሱ ነገር አለው፤ ድብልቁ በሞቃት ክፍል ቶሎ ስለሚጠነክር የመደባለቂያው መስታወት ቀዝቀዝ ያለ (ግን ላብ ያላወጣ) መሆን ይኖርበታል። ድብልቁ ወደ ጥርሱ መግባት ያለበት ገና እያብረቀረቀ ሳለ ነው፤ መልኩ ከደበዘዘ አሲዱ ተጠምዷል፣ ከጥርሱ ጋር የሚያያዝበት አቅም አልቋል ማለት ነው። ያንን ጥሎ እንደገና መደባለቅ ዱቄት ማባከን አይደለም።

ሙሊቱ እንደጠነከረ ምራቅ እንዳይገባው በመከላከያ ቫርኒሽ ሸፈንሁት። የመጨረሻው ማለስለስ በማግስቱ ተደረገ።

ክትትል፦ የጸናውና ያልጸናው

የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው ከጥዝጠዛው ነው። የላይኛው ግራ ጥርሶች ቀዝቃዛ ውሃ መታገሥ ጀመሩ፤ ታካሚው ከሁሉ በላይ ያመሰገኑት ይህንን ነበር።

በዓመቱ ውስጥ በተደረጉት ክትትሎች ክራንቻውና የመጀመሪያው ትንሽ መንጋጋ ላይ ያለው ኮምፖዚት እንደተሠራ ነው፤ ጠርዙ አልጠቆረም፣ ቀለሙ ከጥርሱ ጋር ተዋህዷል። ሁለተኛው ትንሽ መንጋጋ ላይ ያለው ግን ሙሉ በሙሉ ወደቀ። ተመሳሳይ ኮምፖዚት፣ ተመሳሳይ ማጣበቂያ፣ ተመሳሳይ እጅ፣ ተመሳሳይ ቀን ነበር። የተለየው የላስቲክ መሸፈኛው አለመያዙና አብዛኛው ጠርዝ ኢናሜል በሌለው ሥር ላይ መሆኑ ነው። ለዚህ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ አይገኝም። ጥርሱን ዳግም በኮምፖዚት አልሞላሁትም። በሬዚን የተሻሻለ ግላስ አዮኖመር ተደርጎበት እስከ መጨረሻው ክትትል ጸንቷል። ከሌሎቹ ሁለት ጥርሶች ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ደብዛዛ ነው፤ ታካሚው ግን የሚያዩት እኔ ብቻ እንደሆንሁ ነገሩኝ።

የታችኛው ሁለት ትንንሽ መንጋጋዎች ሙሊት አልተነቃነቀም። ቀለሙ በጫቱና በሻዩ ጥቂት ጠቁሯል። በትልቁ መንጋጋ ላይ ያለው ግላስ አዮኖመር ገጹ ሻክሯል፣ በአንድ ጠርዝ በኩል ተሸርፏል። ነገር ግን ከሥሩም ሆነ ከጎኑ አዲስ መበላት የለም፤ በዙሪያው ያለው የሥሩ ገጽ ጠቁሮ ጠንክሯል። ሥር ላይ የሚታይ እንዲህ ያለ ጠንካራ ጥቁር ቀለም መበላቱ መቆሙን ስለሚያሳይ ፍቆ ማንጣት አያስፈልገውም። የተሸረፈውን ጠርዝ ሙሉውን ሳላወጣ በላዩ ጨምሬ ጠግኛለሁ።

ከሙሊቱ ውጭ ያለው ነገር እኩል አልሰመረም። የጥርስ ሳሙናው ልማድ ሆኗል፤ የመፋቂያው አያያዝም ተለውጧል፤ በላይኛው ግራ ድድ ላይ አዲስ መፈግፈግ አልታየም። ለስላሳው መጠጥ ቤታቸው ሲሆኑ ቀርቷል፣ በረጅም ጉዞ ላይ ግን ይመለሳል። ጫቱ አልቀረም። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በተመለከተ የሚከታተላቸው ሐኪም ዘንድ የአፍ መድረቁን እንዲያነሡ ደብዳቤ ሰጥቻቸዋለሁ፤ መድኃኒቱን በራሳቸው እንዳያቋርጡ አጥብቄ ነግሬያቸዋለሁ።

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌሎች የሚሻገረው

በጥርስ አንገት ላይ ያለ ጉድጓድ ሲታይ የመጀመሪያው ጥያቄ ተበልቶ ነው ወይስ አልቆ የሚል ይሁን። ለስላሳ ከሆነ አፉ በአሲድ ጥቃት ላይ ነው፤ ፍሎራይድ የሚሰጥ ሙሊት ይቀድማል። ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ዋናው ሥራ ኃይሉን ማስቆም ነው፤ የሙሊቱ ምርጫም በመልክ ላይ ሊያተኩር ይችላል። ጥልቀት የሌለውና የማያም ያለቀ ጥርስ ጨርሶ ላይሞላም ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ጠርዙ የት ያርፋል የሚል ነው። ዙሪያው ኢናሜል ሆኖ አፉን ማድረቅ ከተቻለ ኮምፖዚት ያምራልም ይጸናልም። በድድ በኩል ያለው ጠርዝ ሥር ላይ ከሆነና ድዱ እርጥበት ከሰጠ፣ ውድ የሆነው ኮምፖዚት ርካሽ ከሆነው ግላስ አዮኖመር ቀድሞ ይወድቃል። ይህን ለታካሚ መንገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ዋጋው የበለጠውን የበለጠ የሚጸና አድርጎ ያስባል። ግላስ አዮኖመርን «ጊዜያዊ» ብሎ ለታካሚ ማስተዋወቅም የምቃወመው ልማድ ነው። በሥር ላይ ለሚገኝ መበላት፣ አፉ ለደረቀ ሰው፣ በራሱ ሙሉ ሕክምና ነው።

ደጋግሞ የወደቀ ሙሊት ለመንቀል ምክንያት አይሆንም። ነርቩ ጤነኛ ከሆነና ጥርሱ ካልተነቃነቀ፣ መውደቁ የሚናገረው ስለ ቦታው እርጥበትና ስለ ተመረጠው ዓይነት ነው። ሐኪሙ ከዚህ በፊት ምን ተሞልቶ እንደነበር ቢያውቅ ይህን ቶሎ ይደርስበታል። እኚህ ታካሚ ግን በየከተማው የተሞላላቸውን የሚያውቁት «ነጭ» በሚል ብቻ ነበር፤ አፍ ውስጥ ያለን ሙሊት በዓይን ብቻ አይቶ ዓይነቱን መለየት ደግሞ ለሐኪምም ከባድ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥርስ በምን ዓይነት ሙሊትና ማጣበቂያ፣ በየትኛው ቀን እንደተሞላ፣ በላስቲክ መሸፈኛ መሠራት አለመሠራቱን የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። ከመንጃ ፈቃዳቸው ጋር ያስቀምጡታል፤ በድሬዳዋም ሆነ በሌላ ከተማ ጥርሳቸውን የሚያይ ባልደረባ ከዚያ መጀመር ይችላል።